ርካሽ የካርቦን ቸርኬ ስሙ ካልታወቀ ሻጭ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር የተራራ ብስክሌተኞች የንጽጽር መመሪያ

ሁለት የ29 ኢንች የካርቦን ቸርኬዎች ሚዛን ላይ ሲቀመጡ አንድ ኪሎ አይሞሉም። ሁለቱን የሚይዘው ካርቶን ግን ጎንና ጎኑ 66፣ ውፍረቱ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን ፈጣን መልእክት አድራሽ ድርጅቶች የሚያስከፍሉት በያዘው ቦታ ልክ ነው፤ ሦስቱ ልኬቶች ተባዝተው ለ5,000 ሲካፈሉ ከ10 ኪሎ በላይ ይመጣል። ድሬዳዋ ወይም ሐረር ተቀምጦ ከቻይና ቸርኬ ለማዘዝ የሚያስብ ሰው ሌላውን ሁሉ ከማንበቡ በፊት ይህን ስሌት ቢይዝ ይጠቅመዋል፤ በድረ ገጹ ላይ የተጻፈው ዋጋና ቸርኬው ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር እስኪደርስ የሚወጣው ገንዘብ በጣም ይራራቃሉና።

ይህን መመሪያ የማቀርበው የታወቁትን ውድ ስሞች መግዛት ለማይችሉ፣ ነገር ግን ስማቸው ብዙም ካልተሰማ የኢንተርኔት ሻጮች ለመግዛት ለሚያመነቱ ብስክሌተኞች ነው። እስካሁን ለራሴና ለጓደኞቼ አራት ጊዜ አዝዣለሁ። ሦስቱ ጥንዶች ዛሬም በደንገጎ ኮረብታዎች ላይ ይሽከረከራሉ፤ አራተኛው ብዙ ገንዘብና ብዙ ሳምንታት አስወጥቶኛል፤ እሱን በቦታው እናገራለሁ። ከአራቱም የተረዳሁት አንድ ነገር አለ፦ ከእኛ ርቀት ላይ ያለ ገዢ ሻጮችን ሊያበላልጥ የሚችለው በጽሑፍ በሰጡት ልክና ያንን ልክ ሳያሟሉ ሲቀሩ በሚያደርጉት ነገር ነው። ፎቶግራፉ፣ የካርቦኑ ስምና የደንበኞች ኮከብ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

መጀመሪያ ብስክሌቱ ይታይ

ድሬዳዋ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከደረሰ ጀምሮ ያደገች፣ መሬቷም ሜዳማ በመሆኑ ብስክሌት ከጥንት የተለመደባት ከተማ ናት። በዚህም የተነሣ በየሰፈሩ የሚታየው ብስክሌት አብዛኛው ቸርኬውን በሁለት የፍሬን ጎማ ጨብጦ የሚያቆም ነው። የእርስዎም ብስክሌት እንዲህ ያለ ፍሬን ካለው የካርቦን ቸርኬ ሐሳብ እዚህ ላይ ይብቃ። ዛሬ ለተራራ ብስክሌት የሚሸጡት የካርቦን ቸርኬዎች ለዲስክ ፍሬን፣ ማለትም መሐል ያለውን የብረት ሳህን ጨብጦ ለሚያቆመው ፍሬን፣ ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ጎናቸው ለመታሸት አልተዘጋጀም፣ ክሩን አጣብቆ የያዘውም ሙጫ በፍትጊያ ሙቀት ይለሰልሳል። ደንገጎ ከ2,000 ሜትር በላይ፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ከባሕር ወለል በላይ ናቸው፤ ያን ሁሉ ቁልቁለት የፍሬን ጎማ በካርቦን ላይ እያሹ መውረድ ሕይወትን አሲይዞ መጫወት ነው። አንዳንድ ሻጭ «ለሁሉም ፍሬን ይሆናል» ብሎ ቢመልስልዎ እንኳ አይመኑት፤ እንዲያውም ይህ መልሱ ስለ ሌላው ምርቱም ብዙ ይነግርዎታል።

ዲስክ ፍሬን ካለዎት የጎማዎን ጎን ያንብቡ። 57-622 የሚል ዓይነት ጽሑፍ ይታያል፤ ሁለተኛው ቁጥር ቸርኬው ላይ ጎማው የሚቀመጥበት ዲያሜትር ነው። 559 ማለት 26 ኢንች፣ 584 ማለት 27.5 ኢንች፣ 622 ማለት 29 ኢንች ነው። በኢንች የተነገረ ልክ ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ይህ ቁጥር ግን አያሳስትም። ቀጥሎ በሞዞው (ሽቦዎቹ በሚነሡበት መሐለኛ አካል) ላይ ያሉትን የሽቦ ቀዳዳዎች ይቁጠሩ፤ ብዙውን ጊዜ 28 ወይም 32 ይሆናሉ፣ ቸርኬውም በዚያው ቁጥር መታዘዝ አለበት። የሞዞው ኩሽኔታ አልቆ የሚንቋቋ ከሆነ ገንዘቡ በቅድሚያ ወደዚያ መሄድ ይገባዋል።

አሉሚኒየም ወይስ ካርቦን?

ውስጣዊ ስፋቱ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ ደህና የ29 ኢንች የአሉሚኒየም ቸርኬ በአብዛኛው ከ500 እስከ 600 ግራም ይመዝናል። ተመሳሳይ የካርቦን ቸርኬ ከ400 እስከ 480 ግራም ነው። በሁለቱ እግሮች (ቸርኬ፣ ሽቦና ሞዞ ተገጣጥመው እግር ይባላሉ) ላይ ከ200 እስከ 250 ግራም ይቀነሳል ማለት ነው፤ ይህ ሽቅብ ሲወጣ ይሰማል፣ ነገር ግን ከባድ ጎማ ወደ ቀለል ያለ ጎማ በመለወጥም የዚህን ያህል ይገኛል። ካርቦን ከክብደቱ ይልቅ የሚያስመሰግነው ቀጥ ብሎ መቆየቱ ነው። በደንብ የተወጠረ የካርቦን እግር ወራትን ሳይወላገድ ይሄዳል፤ በድንጋይ መሐል ሲገቡም መሪው ወደ ጠቆሙበት ይሄዳል።

የሚጎዳበት መንገድ ግን ከአሉሚኒየም የተለየ ነው። ድሬዳዋ መጋላ አካባቢ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው አንድ አንጋፋ ጠጋኝ አሉ። የተጎዳ የአሉሚኒየም ቸርኬ ሲቀርብላቸው የጎበጠውን ከንፈር (ጎማውን የሚይዘውን ጠርዝ) በእንጨት ላይ አስደግፈው፣ በላዩ ሌላ እንጨት አድርገው በመዶሻ ቀስ እያሉ ይመቱታል፤ ከዚያ እግሩን አሽከርክረው ጥፍራቸውን ጎኑ ላይ ያስጠጉና የሚነካካውን ቦታ በድምፅ ይለያሉ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሰውየው ብስክሌቱን ይዞ ይሄዳል። የመጀመሪያውን የካርቦን ቸርኬዬን ሳሳያቸው በእጃቸው ደጋግመው አገላብጠው መለሱልኝና «ልጄ፣ ይሄ ሲጎብጥ አላየውም፤ ሲሰበር ደግሞ እኔ ጋ አታምጣው» አሉኝ። ልክ ናቸው። አሉሚኒየም አስጠንቅቆ ይጎዳል፣ በመንደር መሣሪያም ይቃናል። ካርቦን ግን ከባድ ምት ይችልና ከአቅሙ በላይ ሲሆን ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ቸርኬ ተጠግኖ የሚነዳ አይደለም።

ስለዚህ ብስክሌቱ የዕለት ተዕለት መጓጓዣዎ ከሆነ፣ ዕቃ የሚጭኑበት ከሆነ፣ ወይም አንድ ወር ያለ ብስክሌት መቀመጥ የማይችሉ ከሆነ እንደ ዲቲ ስዊስ ኤክስኤም 481 ያለ ውስጣዊ ስፋቱ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ቸርኬ ይሻልዎታል። ይህን የምለው ካርቦን ወዳድ ሆኜ ነው።

ሻጮቹን መለየት

የካርቦን ቸርኬ የሚሠራው ቀድሞ በሙጫ የተነከረ የካርቦን ጨርቅ በብዙ ቁርጥራጭ ተቆርጦ፣ በሰው እጅ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ በቅደም ተከተል ተደርቦ፣ ከውስጥ በአየር ፊኛ እየተገፋ በሙቀት ሲጋገር ነው። የቅርጽ ማውጫው የብረት ነው፤ አንድ ዓይነት ቅርጽ በብዙ ፋብሪካዎች ሊኖር ይችላል። የጨርቁ ብዛት፣ የክሩ አቅጣጫ፣ የሽቦ ቀዳዳው ዙሪያ ምን ያህል እንደ ተጠናከረ፣ ሙጫው በደንብ ተጨምቆ መውጣት አለመውጣቱ ግን በውጭ አይታይም። በፎቶ አንድ የሚመስሉ ሁለት ቸርኬዎች አንዱ 90፣ ሌላው 220 ዶላር የሚሆኑት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ለእኛ ቅርብ የሆኑትን ሻጮች በሦስት ወገን ከፍዬ አያቸዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ በራሳቸው ስምና በራሳቸው ድረ ገጽ የሚሸጡ የቻይና አምራቾች ናቸው። በፉጂያን ክፍለ ሀገር በዢያሜን ከተማ የሚገኙት ላይት ባይስክልና ኔክስቲ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው፤ በእኛ ብስክሌተኞች ዘንድ ስማቸው ብዙ ባይሰማም በሌላው ዓለም ለዓመታት የተነዱ ናቸው። እንዲህ ያሉት አምራቾች ለእያንዳንዱ ቸርኬ ውስጣዊና ውጫዊ ስፋቱን፣ ጥልቀቱን፣ ክብደቱን፣ የሽቦ መወጠሪያ ጣሪያውንና የዋስትና ዘመኑን ጽፈው ያስቀምጣሉ፤ ያንኑ ቅርጽ በቀላልና በጠንካራ አደራረብ የሚያቀርቡም አሉ። የአንዱ ዋጋ በአብዛኛው ከ150 እስከ 300 ዶላር ባለው ውስጥ ይወድቃል።

ሁለተኛዎቹ እንደ አሊኤክስፕረስ ባሉ ትልልቅ የገበያ ድረ ገጾች ውስጥ ሱቅ የከፈቱ ናቸው። ከእነዚህ መካከል አምራቹ ራሱ የከፈተው ሱቅ አለ፤ ዛሬ ከአንዱ ነገ ከሌላው ፋብሪካ እየገዛ የሚሸጥ ነጋዴም አለ። ለመለየት የምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው፦ የሱቁን ሌሎች ዕቃዎች አያለሁ። ቸርኬ፣ እግርና ምናልባት መሪ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ከቸርኬው ቀጥሎ የስልክ መያዣና የዓሣ ማጥመጃ ከተደረደረ ቸርኬውን የሠራው ማን እንደ ሆነ ሻጩም አያውቅም።

ሦስተኛዎቹ የታወቀ ስም ለጥፈው የሚሸጡ ናቸው፤ ስለ እነሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በዩታ የሚገኘው ኤንቬ ለአንድ ቸርኬ ብዙ መቶ ዶላር ሲጠይቅ፣ የኤንቬን ስም የያዘ ጥንድ በ200 ዶላር ካዩ ስሙ ውሸት ነው፤ በስሙ የዋሸ ሰው በአደራረቡም ይዋሻል።

የታወቁት ውድ ቸርኬዎች ዋስትናቸው ያጓጓል። የሳንታ ክሩዙ ሬዘርቭ ለመጀመሪያው ባለቤት የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣል። ዋስትናውን ለመጠቀም ግን የተሰበረውን አሳይቶ አዲሱን ማስመጣት ያስፈልጋል፤ ማጓጓዣውና ቀረጡ እዚህ ያለውን ሰው ይጠብቁታል። ዋስትና በእኛ ሁኔታ ሲመዘን ዋጋው ግማሽ ያህል ነው ብዬ እወስዳለሁ። ያገለገለ የካርቦን ቸርኬ ደግሞ ሻጩን በቅርብ ካላወቁትና ታሪኩን ካልሰሙ በስተቀር አልመክርም።

ስለ ካርቦኑ ስም አንድ ቃል ልጨምር። «ቲ700» እና «ቲ800» የሚሉት የጃፓኑ ቶሬይ ኩባንያ የክር ደረጃዎች ናቸው። ቲ700 የመወጠር አቅሙ ወደ 4,900 ሜጋ ፓስካል ይጠጋል፤ ቲ800 ከዚያ ከፍ ያለና ይበልጥ ግትር ነው። ሁለቱም ለቸርኬ ከበቂ በላይ ናቸው። ቸርኬ ድንጋይ ሲመታው የሚያድነው አደራረቡና የከንፈሩ ውፍረት ነው፤ «ሙሉ በሙሉ ቲ1000» የሚል ማስታወቂያ ስለ እነዚህ ምንም አይነግርም።

ለሻጩ የሚቀርቡት ጥያቄዎች

ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ትክክለኛ ክብደቱ ስንት ነው፣ ከተጻፈው ስንት ግራም ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ይችላል? የሽቦ ውጥረት ጣሪያው ስንት ኪሎ ነው? የነጂው ክብደት ገደብ አለው? የጎማ አየር ጣሪያውስ? ዋስትናው ስንት ዓመት ነው፣ በመንዳት ላይ ሳለ ድንጋይ መትቶት ቢሰነጠቅ ይሸፍናል ወይስ የፋብሪካ ጉድለት ብቻ? ኢአርዲው ስንት ነው፣ ማንስ ለካው? ቁጥር በቁጥር የመለሰ ሻጭ እና «ወዳጄ አይጨነቁ፣ ጥራቱ በጣም ጥሩ ነው» ያለ ሻጭ በዋጋ ቢቀራረቡም አንድ አይደሉም።

ኢአርዲ የሚባለው ሽቦው በኒፕሉ (ሽቦውን ቸርኬው ላይ በሚያጠብቀው ጥርስ ያለው ትንሽ መያዣ) ውስጥ ጫፉ የሚደርስበት የቸርኬው ዲያሜትር ነው፤ የሽቦው ርዝመት የሚሰላው በእሱ ነው። ያ አራተኛው ግዢዬ የተበላሸው እዚህ ላይ ነበር። ገጹ 598 ሚሊ ሜትር ይል ነበር። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ 64 ሽቦዎችን በዚያ ልክ ቀድሜ አስመጣሁ። ቸርኬዎቹ ሲደርሱ ለካሁ፤ 592 ነበሩ። ስድስት ሚሊ ሜትር በዲያሜትር ሲሆን ለእያንዳንዱ ሽቦ ሦስት ሚሊ ሜትር ትርፍ ማለት ነው፤ ሽቦዎቹ ሳይወጠሩ ጥርሳቸው አለቀ። ሻጩ የሰጠኝ መልስ «ገጹ የአሮጌው ሞዴል ነው» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ቸርኬውን በእጄ ሳልይዝና ራሴ ሳልለካ አንድም ሽቦ አልገዛም፤ እርስዎም እንዲሁ ቢያደርጉ እወዳለሁ።

ለመሬታችን የሚስማማው ልክ

የደቻቱን ወንዝ አሸዋ በብስክሌት ያቋረጠ ሰው ስፋት ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ውስጣዊ ስፋቱ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ ቸርኬ ከ2.35 እስከ 2.6 ኢንች ያለውን ጎማ በደንብ ያስቀምጣል፤ አየሩን ዝቅ አድርጎ አሸዋ ላይ ለመንሳፈፍም፣ ወደ ሐረር በሚወስደው ኮረብታ ያለውን ጠጠር ለመጨበጥም ይሆናል። 25 ሚሊ ሜትር ለእሽቅድምድም ቀላል ነው፣ ለእኛ ግን ይጠባል። ከ35 በላይ የሆነው ደግሞ የጎማውን ጥርስ ጠፍጣፋ አድርጎ ጎኑን ለእሾህና ለድንጋይ ያጋልጠዋል።

ክብደትን በተመለከተ አንድ ጽኑ አቋም አለኝ፦ ርካሽ ከሆነ ቀላል አይሁን። ዋጋው 100 ዶላር፣ ክብደቱ ከ380 ግራም በታች የሆነ ባለ 30 ሚሊ ሜትር የ29 ኢንች ቸርኬ ከሆነ ቦታ ቁሳቁስ ተቀንሶለታል፤ የተቀነሰውም ብዙ ጊዜ ከከንፈሩና ከሽቦ ቀዳዳው ዙሪያ ነው። ለፊተኛው 420፣ ለኋለኛው 470 ግራም አካባቢ ይምረጡ። ምቱን በብዛት የሚቀበለው የኋላው ነውና አምራቹ ጠንካራ አደራረብ ካለው ለኋላው ይዘዙለት። የከንፈሩ ውፍረት ከ3 ሚሊ ሜትር ባያንስ መልካም ነው፤ ወፍራም ከንፈር ጎማው ድንጋይና ቸርኬ መሐል ሲቀረቀር ጎማውን ቶሎ አይበጣውም፣ ራሱም ቶሎ አይሰነጠቅም።

ሌላው የእሾህ ጉዳይ ነው። በግራርና በቁልቋል መሐል የሚሄድ ሰው በካላማዳሪ ቢነዳ ከጎሚስታ ደጅ አይጠፋም። የካርቦን ቸርኬ የሚገዛ ሰው ካላማዳሪውን ትቶ ወደ ቱብለስ እንዲዞር እመክራለሁ፤ ለዚህም የማሸጊያ ቴፕ፣ ቫልቭና ማሸጊያ ፈሳሽ አብረው መታሰብ አለባቸው። ፈሳሹ በእኛ ሙቀት ቶሎ ስለሚደርቅ በየሁለት ወሩ ጎማውን ነቅንቆ ድምፁን መስማት ያስፈልጋል። ኒፕሎቹ የነሐስ ይሁኑ፤ አሉሚኒየም ከካርቦን ጋር ሲነካካ እርጥበት ካገኘው ይበላል።

ማጓጓዣ፣ ክፍያና ቀረጥ

አሁን ወደ መጀመሪያው ካርቶን እንመለስ። ለምሳሌ ያህል የገበያው ሱቅ ጥንዱን በ260፣ በስሙ የሚሸጠው አምራች በ400 ዶላር ያቅርቡ እንበል። ልዩነቱ ከግማሽ በላይ ይመስላል። ለሁለቱም 120 ዶላር ማጓጓዣ ሲጨመር 380 እና 520 ይሆናል። ለሽቦ፣ ለኒፕል፣ ለቴፕ፣ ለፈሳሽና ለመገጣጠሚያ 100 ዶላር ሲታከል 480 እና 620 ይደርሳል፤ ልዩነቱ ወደ 30 በመቶ ወርዷል። የተሳሳተ ኢአርዲ አንድ ጊዜ ሁለተኛ ሽቦ ካስገዛዎት ከዚህ ልዩነት ላይ ብዙው ይሄዳል። እኔ ሁለተኛውን የምመርጠው በዚህ ስሌት ነው።

ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱም ተደምረው ነው፤ በላዩም 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና ሌሎች ክፍያዎች ይመጣሉ። የብስክሌት ቸርኬና ሽቦ የሚመደቡበት የታሪፍ ቁጥር 8714.92 ነው፤ ሻጩ ይህን ቁጥር በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍ ቢጠይቁት በጉምሩክ ብዙ ክርክር ይቀርልዎታል። «ዋጋውን 30 ዶላር ብዬ ልጻፍልህ?» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ እሺ አይበሉ። ዕቃው ቢጠፋ የሚከፈልዎት 30 ዶላር ነው፣ ሐሰተኛ ደረሰኝም የእርስዎ ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል።

ከድሬዳዋ ወደ ጓንጁና ወደ ዱባይ የሚመላለስ ነጋዴ ዘመድ ያለው ሰው ሌላ መንገድ አለው። አየር መንገዶች በተለመደው ሻንጣ ላይ የሚፈቅዱት የሦስቱ ጎኖች ድምር 158 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የእኛ ካርቶን 66፣ 66 እና 12 ሲደመር 144 ይሆናል፣ ስለዚህ እንደ አንድ ሻንጣ ይገባል። እዚህ ላይ ሦስተኛ ቸርኬ እንዲጨመር አጥብቄ እመክራለሁ። ውፍረቱ ወደ 16 ከፍ ቢል ድምሩ 148 ነው፤ በመልእክት ቢመጣ እንኳ የሚከፈለው ክብደት ከ10 ወደ 14 ኪሎ ገደማ ያድጋል እንጂ እጥፍ አይሆንም። ያ ሦስተኛው ቸርኬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚቆይ የራስዎ ዋስትና ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ከዢያሜን ኢሜይል መጠበቅ አይኖርብዎትም።

አብዛኞቻችን የምንከፍለው ውጭ አገር ባለ ወንድም ወይም እኅት ካርድ ነው፤ ይህም የራሱ ወጥመድ አለው። በፔይፓል የተከፈለ ዕቃ ላይ ቅሬታ ለማቅረብ 180 ቀን አለ። በገበያ ድረ ገጾች ላይ ግን ጊዜው ዕቃው ደረሰ ከተባለበት ቀን ጀምሮ የሚቆጠር አጭር ነው። ቸርኬው ዱባይ ደርሶ ዘመድ ቤት ሁለት ወር ከተቀመጠ እርስዎ ካርቶኑን በከፈቱ ቀን መብቱ አልፎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚቀበለው ሰው እዚያው ከፍቶ፣ እየቀረጸ፣ ከዚህ በታች ያሉትን ቀላል ምርመራዎች እንዲያደርግ ይለምኑት።

ካርቶኑ ሲከፈት

በቂ ብርሃን ያለበት ቦታ ይሁን፤ እኔ ጠዋት በረንዳ ላይ ነው የማደርገው። መጀመሪያ በምግብ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይመዝኑት፤ ከተጻፈው 15 ግራም ያህል ቢለይ የተለመደ ነው፣ 40 ቢለይ ግን ይጻፉላቸው። ቀጥሎ ቸርኬውን በአንድ ጣት አንጠልጥለው በአንድ ብር ሳንቲም ዙሪያውን በየሁለት ጣት ርቀት ቀስ ብለው ይንኩት። ደህናው ካርቦን ጥርት ያለ፣ አጭርና አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጣል። ድንገት የታፈነ፣ ካርቶን የመታ የሚመስል ድምፅ ከሰሙ በዚያ ቦታ ድርቡ ከድርቡ ተላቋል ማለት ነው፤ በእርሳስ ምልክት ያድርጉና ደግመው ይሞክሩ። በቫልቭ ቀዳዳው በኩል በባትሪ ያብሩበት፤ ውስጡ የተጨማደደ ጨርቅ፣ የተከማቸ ሙጫ ወይም የፊኛ ቁራጭ ሊታይ ይችላል። ጥቂት የፊኛ ቁራጭ ጉዳት የለውም፣ ጥልቅ መጨማደድ ግን አለው። የሽቦ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ይዩ፤ ጠርዛቸው የተላጠ ወይም ክሩ የቆመ ከሆነ ውጥረቱን አይችልም።

ጠፍጣፋ የመስታወት ጠረጴዛ ካገኙ ቸርኬውን አስተኝተው በሁለት ጣት ተቃራኒ ጎኖቹን ይጫኑ፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ጠማማ ነው። ከዚያ ኢአርዲውን ይለኩ። ሁለት አሮጌ ሽቦዎችን ከጥርሳቸው ጫፍ 200 ሚሊ ሜትር ላይ ይቁረጡ፣ ጫፋቸው ከኒፕሉ ራስ ጋር እኩል እስኪሆን ኒፕል ያስገቡባቸው፣ በተቃራኒ ቀዳዳዎች ስበው በመካከላቸው የቀረውን ክፍተት ይለኩና 400 ይጨምሩበት። ቢያንስ በሦስት ቦታ ይለኩ፤ ሦስቱ ቁጥሮች ካልተቀራረቡ ቸርኬው ክብ አይደለም።

ገጣጣሚዎ ውጥረት መለኪያ ያለው ይሁን። ብዙ የካርቦን ቸርኬዎች ከ120 እስከ 130 ኪሎ ውጥረት ይፈቅዳሉ፤ የእርስዎ ስንት እንደሚል ከሻጩ ጽሑፍ አውጥተው ያሳዩት። በጆሮ መወጠር ለአሉሚኒየም የኖረ ጥበብ ነው፣ ለካርቦን ግን በመሣሪያ ይሁን።

ለማን የትኛው?

በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ ሐረማያ የሚወጣ፣ በጠጠርና በአሸዋ የሚነዳ፣ ዲስክ ፍሬንና ጥሩ ሞዞ ያለው፣ ወደ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በስሙ ከሚሸጥ አምራች ሦስት ቸርኬ ቢያዝ አይቆጭም። ጎማውን በፊት 21፣ በኋላ 24 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) አካባቢ አድርጎ ይጀምርና እንደ መንገዱ ያስተካክል። በጀቱ ለዚያ የማይደርስ ከሆነ ከርካሹ ሱቅ ጥንድ ከመግዛት ይልቅ የፊቱን ብቻ ካርቦን አድርጎ የኋላውን በአሉሚኒየም ቢተው ይሻለዋል፤ መሪው ላይ የሚገኘውን ቅልጥፍና ያገኛል፣ ከባዱን ምት የሚቀበለው ግን መጋላ ላይ የሚቃናው ይሆናል። ከ95 ኪሎ በላይ የሆነ፣ በድንጋይ ቁልቁለት በፍጥነት የሚወርድ ሰው ደግሞ ጠንካራውን አደራረብ ካላገኘ ካርቦን አይግዛ። ውድድር ላይ ያሉ ልጆች ስለ ክብደቱ ይጠይቁኛል፤ ለእነሱም የምሰጠው መልስ ይኸው ነው፣ የተሰነጠቀ ቸርኬ ውድድሩን አያስጨርስምና።

ከተገጠመ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ጉዞዎች ውጥረቱ እንደገና ይታይ። ከዚያም ከእያንዳንዱ ከባድ ቁልቁለት መልስ እግሩን ጠርጌ ትንሽ ጥጥ በጣቴ ይዤ የቸርኬውን ከንፈር በሁለቱም በኩል ዙሪያውን አስኬዳለሁ። ዓይን የማያየው ስንጥቅ የጥጡን ክር ይዞ ያስቀራል። ክር ቀርቶ ካገኙ ብስክሌቱን ያቁሙ፣ አየሩን ያስወጡ፣ ቦታውን ከግዢው ደረሰኝና ከቸርኬው ቁጥር ጋር በፎቶ ያንሡና በዚያው ቀን ለሻጩ ይላኩ፤ የጎማውን ስምና የነበረውን አየር መጠንም አብረው ይጻፉለት፣ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ነው።